ቪትዝ ሚኒሞ ላይ ሲንቀጠቀጥ

መኪናው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጠው ቆሞ ሲሠራ) እየተንቀጠቀጠ ነዳጅ ስትሰጠው የሚስተካከል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ሲሊንደር አያቃጥልም ማለት ነው። አብሽር፣ ራስህ ትለየዋለህ።

ሞተሩን አጥፋ፣ የአንዱን ሲሊንደር ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ሶኬት ንቀልና አስነሳ። ንዝረቱ ከባሰ ያ ሲሊንደር ደህና ነው፤ አጥፍተህ መልሰህ ሰካና ወደ ቀጣዩ እለፍ። ተነቅሎ ምንም ለውጥ ያላመጣው ነው በሽተኛው። ኮይሉን ከጎኑ ካለው ጋር አቀያይር፦ ችግሩ አብሮ ከዞረ ኮይሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ መጀመሪያ ካንዴላውን አውጥተህ እይ።

ሁሉም እኩል ከሆኑ የአየር ፊልትሮውን ተከትሎ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ እጥፋቱን ዘርግተህ ስንጥቅ ፈልግ።

አንድ ሲሊንደር ሞቶ ሳለ ግን ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት እንዳትወጣ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ይነድና ካታሊቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) ያቀልጠዋል፤ እሱ ደግሞ ከኮይል እጅግ ይወደዳል።