ያላሳቀኝ ኮሜዲ ለምን ኮሜዲ ተባለ?

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ከሥራ ስመለስ ቀለል ያለ ነገር ማየት ስለምወድ፣ በኮሜዲ ዘርፍ ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ያገኘውን፣ ስለ አንድ ምግብ ቤት ሼፎች የሚተርከውን «ዘ ቤር» የተባለ ተከታታይ ፊልም ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በጭንቀት ጨረስኩት፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ስድስተኛ ክፍል ላይ ግን ቤተሰቡ በገና ማዕድ ዙሪያ ሲጯጯህ መቀጠል አቃተኝና አቆምኩ። በአንጻሩ ድራማ የሚባለው «ዘ ፒት»፣ ያን ሁሉ ደምና ሞት እያሳየኝ፣ ደጋግሞ ከልቤ አስቆኛል። ኮሜዲና ድራማ የሚለዩት በምንድን ነው? ወይስ የደነዘዝኩት እኔ ነኝ? ያቆምኩትንስ ልቀጥለው?

አንዲት አንባቢ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እርስዎ አልደነዘዙም። ስለ «ዘ ቤር» ይህንኑ ጥያቄ ያነሱ ተመልካቾችና ሃያሲያን ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

በመጀመሪያ ምድቡን እንመልከት፤ ይህ ከጥበብ ይልቅ የአሠራር ጉዳይ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለረጅም ዘመን ኮሜዲን በግማሽ ሰዓት፣ ድራማን በአንድ ሰዓት ሲያስተላልፉ ስለኖሩ፣ ኤሚን የሚሰጠው የቴሌቪዥን አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2015 ልማዱን ደንብ አደረገውና እስከ 30 ደቂቃ የሚረዝመው ሥራ ኮሜዲ፣ ከዚያ የሚያልፈው ድራማ ሆኖ እንዲቆጠር ወሰነ። በዚህ ምክንያት በ2014 በኮሜዲ ዘርፍ የተወዳደረው «ኦሬንጅ ኢዝ ዘ ኒው ብላክ» በቀጣዩ ዓመት ወደ ድራማ ተዛወረ፤ ተዋናይቷ ኡዞ አዱባም አንዲቱን ገጸ ባሕርይ በመጫወቷ በሁለቱም ዘርፍ ተሸለመች። አካዳሚው በ2021 መጨረሻ የደቂቃውን መስፈርት ሲያነሳ ምርጫው በአዘጋጆቹ እጅ ገባ፤ «ዘ ቤር»ም ኮሜዲ የሆነው አዘጋጆቹ በዚያ ዘርፍ ስላስመዘገቡት ነው። በ2024 መጀመሪያ በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ምርጥ ኮሜዲ ተባለ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ግን 11 ሽልማቶች ቢሰበስብም ዋናውን «ሃክስ» ወሰደበት። በዚህ ውጤት ደስ ብሎኛል። «ሃክስ» የአንዲት አንጋፋ የመድረክ ኮሜዲያንንና የወጣት ጸሐፊዋን ጠብና ፍቅር የሚተርክ ሲሆን፣ ሰው የሚስቅበትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አሽቶ መጻፍ ከባድ ሙያ መሆኑን ራሱ የሚያሳይ ሥራ ነው፤ ይህን ሙያ የያዙ ሰዎች ለማሳቅ ካልተነሣ ሥራ ጋር እንዲወዳደሩ ማድረግ ይጎዳቸዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። የ«ዘ ቤር»ን የመጀመሪያ ምዕራፍ ሰባተኛ ክፍል ያስታውሱ። ደንበኞች አስቀድመው የሚያዙበት አሠራር ሳይዘጋ በመቅረቱ የትዕዛዝ ማተሚያው ወረቀት መትፋቱን አያቆምም፤ ወረቀቱ ሳይቆረጥ እየረዘመ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሼፎቹ ይጯጯሃሉ፤ በግርግሩ መካከል አንዱ ሳይታሰብ መቀመጫው ላይ በቢላ ይወጋል። ይህንኑ ሁኔታ ለጎበዝ የኮሜዲ ጸሐፊ ብንሰጠው አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስቅበት ነበር። እዚህ ግን ካሜራው ለረጅም ደቂቃዎች ሳይቋረጥ ስለሚከተላቸው ተመልካቹ ትንፋሽ የሚሰበስብበት ፋታ አያገኝም፤ ሳቅ ደግሞ ያለ ፋታ አይመጣም። ከዚህም በላይ በዚያች ሰዓት የተነገረው ክፉ ቃል በነጋታው አይረሳም፤ የዋናው ሼፍ ወንድም ሞትም ከክፍል ክፍል አብሮ ይሄዳል። በተለመደው ኮሜዲ ስሕተቱ ምንም ያህል ቢከፋ በሚቀጥለው ሳምንት ሰዎቹ እንደ ቀድሟቸው ሆነው ይጠብቁናል። እኔ ሁለቱን የምለየው በዚህ ነው፤ ስለዚህም «ዘ ቤር»ን፣ ርዝመቱ ምንም ቢሆን፣ ድራማ እለዋለሁ።

«ዘ ፒት» ያሳቀዎት ደግሞ ፋታውን ስለሚሰጥ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 15 ክፍሎች የአንድን የድንገተኛ ሕክምና ክፍል የአንድ ቀን ሥራ በየሰዓቱ ይከተላሉ። በላዩ ላይ የሚፈስበት ነገር በዝቶ ልብሱን ደጋግሞ ለመቀየር የሚገደደውን ወጣት የሕክምና ተማሪ አይዘነጉትም ብዬ እገምታለሁ። ያው ልጅ ቀኑ ገና ሳይጋመስ የሚከታተለው ታማሚ ሞቶበታል። ስለ ልብሱ ስንስቅ ሐዘኑን አልረሳንለትም፤ እንዲያውም ይበልጥ ወደድነው። ከ1972 እስከ 1983 የተላለፈው «ማሽ»፣ በኮሪያ ጦርነት የነበረ የአሜሪካ ጦር የመስክ ሆስፒታልን ሲያሳይ፣ ይህንኑ የሳቅና የሐዘን ድንበር በጥንቃቄ ይጠብቅ ነበር፦ ጣቢያው የተቀዳ ሳቅ እንዲገባበት ቢጠይቅም፣ አዘጋጆቹ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ትዕይንቶች ላይ ሳቅ እንዳይሰማ አድርገዋል። ቀልዱ ግን በዚያም ክፍል አልተከለከለም፤ ሐኪሞቹ እየሰፉ ይቀልዳሉ፣ መሳቅና አለመሳቅ ለተመልካቹ የተተወ ነው።

ያቆሙትን ይቀጥሉ ወይ ላሉት፣ አዎን፣ ይቀጥሉ፤ ነገር ግን ደክሞዎት በገቡበት ምሽት አይሁን። ያቆሙት ከሁሉም በከፋው ቦታ ላይ ነው። የሚቀጥለው ሰባተኛው ክፍል ያ ጯሂውና ተሳዳቢው የምግብ ቤቱ ሠራተኛ ሪቺ ወደ አንድ የታወቀ ምግብ ቤት ተልኮ ሹካ እንዲወለውል ሲታዘዝ ያሳያል። መጀመሪያ ሥራውን ይንቀዋል፤ ቀን በቀን ግን አለባበሱም አነጋገሩም እየተለወጠ ይሄዳል። ከ«ዘ ቤር» ሁሉ ከልቤ የሳቅሁት ይህን ክፍል ሳይ ነው።