ቅባቱ ሲያቃጥለኝ ማቆም አለብኝ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 64 ነው። ከስምንት ወር በፊት ጎኔ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኝ ነበር። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ቢድንም ሕመሙ አልለቀቀኝም፤ ልብስ ሲነካኝ እንኳ ይለበልበኛል። ሐኪሜ 0.075 በመቶ ካፕሳይሲን ያለው ቅባት በቀን አራት ጊዜ እንድቀባ አዘዙልኝ፤ ነገር ግን ማቃጠሉ ስለበረታብኝ በአምስተኛው ቀን ተውኩት። በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ይኸው ካፕሳይሲን የሚቃጠል ገላን እንዴት ያስታግሳል?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው እዚያው ማቃጠሉ ውስጥ ነው። ሕመምን የሚያስተላልፉ ነርቮች ጫፍ ላይ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት ሲነካው የሚከፈት ተቀባይ (እንደ በር ያለ ፕሮቲን) አለ። ካፕሳይሲን ይህንኑ ተቀባይ ስለሚከፍተው፣ ቆዳው ሳይቃጠል አንጎል የእሳት ስሜት ይደርሰዋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ተቀባዩን እ.ኤ.አ. በ1997 ለይተው አወቁ፤ እርሱም በ2021 ከተሸለመው የኖቤል ሽልማት ተጋሪ ሆነ። መድኃኒቱ በተደጋጋሚ ሲቀባ ግን እነዚያ የነርቭ ጫፎች እየደነዘዙ የሕመም መልእክት መላካቸውን ይቀንሳሉ።

ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ያቆሙት፣ መከራውን ተቀብለው ጥቅሙ ሳይደርስዎ ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ብዙ ታካሚዎችም የሚያቋርጡት እዚሁ ላይ ነውና። ማቃጠሉ አዘውትረው ሲቀቡ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ተቀብተው ሌላ ቀን ሲተዉት ግን ነርቩ ስለማይደነዝዝ ማቃጠሉ እንዳለ ይቀጥላል። ለውጡን ለመመዘን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል።

ሐኪምዎን አማክረው እንደገና ከጀመሩ፣ በጓንት በስሱ ቀብተው ቅባቱ እስኪሰርግ ድረስ ይሹት፤ ከዚያም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ዓይንዎን ወይም የተላጠ ቆዳ እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ከመቀባትዎ በፊትም ሆነ በኋላ በሙቅ ውኃ አይታጠቡ፤ ሙቀት ማቃጠሉን ያባብሰዋል። ቆዳው ውኃ ከቋጠረ ግን ወዲያው ያቁሙና ለሐኪምዎ ይንገሩ።

በርበሬ በቤት ውስጥ በዘይት አሽቶ መቀባትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ መጠኑ ስለማይታወቅ ቆዳን ሊጎዳ ይችላል።

ቅባቱ ሁሉንም ሰው አይረዳም፤ የዚህ አነስተኛ መጠን ማስረጃም ጠንካራ አይደለም። ካልሠራልዎ 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለው፣ በጤና ባለሙያ ብቻ የሚለጠፍ ፕላስተር አለ። ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ሕመም 60 ደቂቃ ቆይቶ ይነሣል፤ ሕመሙ ከተመለሰም ቢያንስ ሦስት ወር ተጠብቆ ሊደገም ይችላል። በሚኖሩበት አካባቢ ይገኝ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በአፍ የሚወሰዱ የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች መኖራቸውንም አብረው ያንሡላቸው።