ከባዱ ቃል ባዮሎጂ መጽሐፋችሁ ውስጥ ነው

ውድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት እንግሊዝኛ በማስተማርና የተማሪ ድርሰት በማረም ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የሰፈር ልጆች «ቲቸር፣ አድቫንስድ ቮካቡላሪ ከየት ላግኝ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስልካቸውን ሳየው ግን ከቴሌግራም የወረደ ረጅም የቃላት ዝርዝር አለ። ግራው እንግሊዝኛ፣ ቀኙ አማርኛ። ከዚያማ ሽምደዳ ነው።

ሽምደዳን አልጠላም፤ እኔም ሸምድጄ ነው ያደግኩት። ግን «ፕሌቶራ»ን የሸመደደ ልጅ ድርሰቱ ውስጥ ካልሰነቀረው እንቅልፍ አይወስደውም። አብዛኛውን ጊዜ «ሜኒ» ቢል ይሻለው ነበር።

እኔ የምልካችሁ ወደ ባዮሎጂና ታሪክ መጽሐፋችሁ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው። «ኦስሞሲስ»ን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ስሎ ያስረዳችኋል። እዚያው ገጽ ላይ ያለውን «ሜንቴይን» ግን ማንም አያስረዳችሁም። የባዮሎጂው መምህር «ይሄ የእንግሊዝኛ ሥራ ነው» ይላል። የእንግሊዝኛው ደግሞ ባዮሎጂ መጽሐፍ አይከፍትም። «ደራይቭ»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ኮንትሪቢዩት» እንዲሁ ባለቤት ያጣሉ። ጥያቄው ያልገባችሁ ባዮሎጂው ከብዷችሁ ሳይሆን በእነዚህ ቃላት የተነሳ ሊሆን ይችላል።

አቨሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ተመራማሪ እንዲህ ያሉትን ቃላት ከልዩ ልዩ የትምህርት መስክ ጽሑፎች ለቅማ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. 570 የቃል ቤተሰቦችን ዘርዝራ አውጥታለች። ካጠናቻቸው ጽሑፎች ውስጥ ከ10 ቃል አንዱ ገደማ ከእነዚህ ነበር። ዝርዝር ካማራችሁ ይሄኛውን ያዙ።

የቃል ቤተሰብ የሚባለውን ከአማርኛ ታውቁታላችሁ። ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ። አንዱን ያወቀ ሌላውን መሸምደድ አያስፈልገውም። እንግሊዝኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጅራቱን ይቀያይራል፦ «አናላይዝ»፣ «አናሊሲስ»፣ «አናሊቲካል»። አንድ አዲስ ቃል ደብተራችሁ ላይ ስትጽፉ ዘመዶቹንም አብራችሁ ጻፉ። የግሪክና የላቲን ሥር ማወቅም ይጠቅማል። «ቴሌ» በግሪክ ሩቅ ማለት ነው፤ እስከዛሬ ካርድ የምትሞሉት በግሪክኛ ነበር ማለት ነው።

ከዘመዶቹ ሌላ ጓደኞቹንም ጻፉ። እኛ ውሳኔ «እንሰጣለን»። ስለዚህ ተማሪዎቼ «ጊቭ ኤ ዲሲዥን» እያሉ ይጽፉልኝ ነበር። እንግሊዞቹ ግን «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ነው የሚሉት። ትርጉሙን ብቻ ከቀኝ በኩል የጻፈ ልጅ ይሄን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቃሉን ያገኛችሁበትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ገልብጡት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ስለሆነ ቃሉን አይቶ መለየት ይበቃል። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ግን ሪፖርት ጻፉ፣ ቆማችሁ ፕረዘንት አድርጉ ትባላላችሁ። እዚያ ምርጫ የለም። ስለዚህ በሳምንት ጥቂት ቃላት ይዛችሁ ስለራሳችሁ ነገር ጻፉባቸው፤ ስለ ሰፈር ውኃ፣ ስለ ቡድናችሁ መሸነፍ፣ የፈለጋችሁትን።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ራሱን ፈትኖ እንዳሳየው፣ የሸመደድነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ማታ ያጠናችሁትን በማግስቱ ከልሱት፤ ከዚያ ከሳምንት በኋላ።

አጠራሩንም አትናቁ። «ፎቶግራፍ» ሲባል ጫናው፣ ማለትም ድምፁ ጠንከር የሚልበት ቦታ፣ መጀመሪያው ላይ ነው፤ «ፎቶግራፊ» ሲሆን ወደ ሁለተኛው ክፍለ ቃል ይሸሻል። በፊደላችን ብትጽፉት ይሄ አይታይም። የስልካችሁ መዝገበ ቃላት ላይ የድምፅ ምልክቷን ነክታችሁ አድምጡ፣ ጮክ ብላችሁም ድገሙት። ቤተሰብ ከተኛ ግቢ ውጡ።