መልስ፦ የከፊራን ባጃጆች በሲሙሌሽን ማጥናት ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ የድሬ ባጃጆች ከፊራ ገበያ ላይ ለምን እንደሚከማቹ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነታውን በኮምፒውተር አስመስሎ በመሥራት፣ ማጥናት ይቻላል ወይ ብለሃል። ይቻላል፤ ግን ከኮዱ በፊት ሄደህ ቁምና እይ። ባዶውን የሚመለስ ሾፌር ምን አይቶ ነው የሚቆመው? እኔ እንዳየሁት ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙዎቹ ከተሳፋሪ ይልቅ ጥላ ይመርጣሉ። የኤጀንትህ፣ ማለትም በሲሙሌሽኑ ውስጥ አንድን ሾፌር የሚወክለው፣ ሕግ ከዚህ ነው የሚወጣው።

ኢኮኖሚስቱ ቶማስ ሼሊንግ በዚሁ ዓይነት ዘዴ ሠርቶ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ከጎረቤቶቹ ጥቂቶቹ ብቻ እንዲመስሉት ቢፈልግ እንኳ ሰፈሩ ለሁለት ሊከፈል እንደሚችል አሳይቷል። ማንም ያልፈለገው ነገር ከትናንሽ ምርጫዎች ይወለዳል ማለት ነው፤ ለእኔ የዘዴው ትልቁ ጉልበት ይሄ ነው።

ኔትሎጎ በሚባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ጀምር፣ ነፃ ነው፤ የሼሊንግ ሞዴልም አብሮት አለ። አንድ ጊዜ አሂደህ እንዳታምነው፣ ቁጥሮቹን እየቀያየርክ ደጋግመው። ውጤቱንም ቆመህ ከቆጠርከው ሰልፍ ጋር አስተያየው።