መድኃኒቱ ቶሎ ለሚያልቅበት ስቴንት፦ ከልምዴ የምመልስልሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የቀባሽው ስቴንት (የጠበበ ደም ቅዳን ከፍቶ የሚይዝ የወንፊት ቱቦ) ከያዘው ሲሮሊመስ፣ ማለትም ደም ቅዳው መልሶ እንዳይጠብ ከሚከላከለው መድኃኒት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በ3 ቀን ውስጥ ለቀቀብሽ። አማካሪሽ ደግሞ "ሽፋኑን አወፍሪው" አሉሽ። ስቴንት ቅብ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከማወፈርሽ በፊት ግን መለኪያሽ እውነቱን እየነገረሽ መሆኑን አረጋግጪ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ጀማሪ ሳለን ስቴንቱን 37 ዲግሪ ላይ ፎስፌት በፈር (አሲድነቱ የማይለዋወጥ የጨው ውኃ) ውስጥ ነክረን እንለካ ነበር። የተለቀቀውን መድኃኒት የሚያሳየው ኩርባ ቀስ ብሎ ይወጣና ይተኛል። "ተሳካ!" ብለን ሁለት ወር ተደሰትን። ለካ ሲሮሊመስ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው በሚሊ ሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ነው። መድኃኒቱ መውጣት ያቆመው ፈሳሹ ስለጠገበ ነበር። በዚያ ላይ ሲሮሊመስ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይፈርሳል፤ እኛ በኤችፒኤልሲ (ንጥረ ነገሮችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) የቆጠርነው ያልፈረሰውን ብቻ ነው። መድኃኒቱ እንዲሟሟ የሚረዳውን ትዊን 20 ጨምረን፣ ፈሳሹን በየናሙናው እየቀየርን ስንደግመው ያ ያማረ ኩርባ የለም። በጣም አዘንን፤ ግን እውነተኛው ሥራ የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ያንቺው በተቃራኒው ፈጥኗል። መጀመሪያ የምጠረጥረው ስንጥቅ ነው። የለካሽው ስቴንቱን በሚከፍተው ፊኛ ላይ ጨምቀሽ ከነፋሽው በኋላ ነው ወይስ በፊት? ሲነፋ መታጠፊያዎቹ ላይ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ መድኃኒቱ በዚያ ይወጣል። ማይክሮስኮፕ ሥር እይው። ቀጥሎ አሟሚውን፣ ማለትም ለመቀባት መድኃኒቱን ያሟሟሽበትን ፈሳሽ፣ ጠርጥሪ። አደራረቁ መድኃኒቱን ወደ ላይኛው ገጽ ሊያወጣው ይችላል። በደንብ ካልደረቀ ደግሞ የቀረው አሟሚ ፖሊመሩን (መድኃኒቱን የያዘውን ፕላስቲክ መሰል ሽፋን) ያለሰልሰዋል፤ መድኃኒቱም ይፈጥናል። ከዚያ የመድኃኒቱን ድርሻ ከፖሊመሩ አንጻር ቀንሺ፤ ወይም ከላይ መድኃኒት የሌለው ስስ ሽፋን ጨምሪ። በ2003 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሳይፈር የተባለው የሲሮሊመስ ስቴንትም እንዲህ ያለ የላይ ሽፋን ነበረው።

ከውፍረት ይልቅ የፖሊመሩ ዓይነት ምን ያህል እንደሚወስን ኢንዴቨርና ሪዞሉት የተባሉትን ስቴንቶች አወዳድሪ። ሁለቱም የሲሮሊመስ ዘመድ የሆነውን ዞታሮሊመስ ነው የያዙት። ኢንዴቨር አብዛኛውን በ2 ሳምንት ይጨርሳል፤ ሪዞሉት በሌላ ፖሊመር በ60 ቀን 85 በመቶ ያህል ይለቃል። በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ስቴንቱ ውስጥ የደም ቅዳው መልሶ የጠበበው በኢንዴቨር 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በሪዞሉት 0.2 ገደማ ነበር።

ለልብ ደም ቅዳ ግብሽን 30 ቀን አድርጊው፤ ዛይንስ የተባለው ስቴንትም ሆነ ሳይፈር 80 በመቶ ያህሉን የሚለቁት በዚያ ጊዜ ነው። ለእግር ከሆነ ግን ጥበቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልግሻል። ማወፈሩን የማልወደው መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ፖሊመሩ እዚያው ስለሚቀር ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ስቴንቶች ዘግይቶ በሚመጣ የደም መርጋት በ2006 ያን ያህል ሲያስደነግጡ ከተጠረጠሩት አንዱ እሱ ነበር።

ሙከራው ሲያልቅ ስቴንቱን መድኃኒቱን በሚያሟሟው አሴቶናይትራይል ውስጥ አጥበሽ የቀረውን መድኃኒት ለኪ። የወጣውና የቀረው ተደምሮ የቀባሽውን ያህል ካልሆነ ቁጥሩን እዚህ ለጥፊልን፤ አብረን እናየዋለን።