ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ሥራ ፈትቶ ሲቆም፦ ጥያቄና መልስ

በቤንዚን የሚሠሩና ተቀምጠው የሚነዱ የሣር ማጨጃ ማሽኖችን እንዴት ማስቀመጥ እንደሚገባ ከአባላት የቀረቡ ጥያቄዎችን አንድ ላይ መልሻለሁ። ጥያቄዎቹ ቢለያዩም ዞሮ ዞሮ ብዙዎቹ የሚያርፉት ቤንዚኑ ላይ ነው። ሞተሩን የሚያበላሸውም ሆነ ቤቱን ለእሳት የሚያጋልጠው በአብዛኛው እሱ ስለሆነ፣ መልሶቼም እሱ ላይ ይበረታሉ።

ጥያቄ፦ አጭጄ እንደጨረስኩ ማሽኑን ወዲያው ጋራዥ ባስገባው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ለረጅም ጊዜ እንደጋለ ይቆያል፤ በዙሪያው የተጠራቀመ ደረቅ ሣር ካለ ደግሞ ሰው ከሄደ በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ማሽኑን ውጭ አቁመው ቁልፉን ይንቀሉ፣ የነዳጅ መዝጊያ ካለው ይዝጉ፣ ሞተሩ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይጠብቁ፤ በማርሚታውና በሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል የተሰገሰገውን ሣር በብሩሽ ካጸዱ በኋላ ያስገቡት። ነዳጅ የሚሞሉትም ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ያውም ውጭ ነው።

ጥያቄ፦ ጋራዤ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለ። ማሽኑን በሌላው ጥግ ባቆመው ርቀቱ አይበቃም?

መልስ፦ በርቀቱ አይተማመኑ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወለል ወለሉን እየተሳበ ሄዶ ማሞቂያው ሥር ያለችውን ትንሽ ነበልባል ሊያገኝ ይችላል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ስለሚያወጣ፣ «ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው» ማለትም መከላከያ አይሆንም። ነበልባል ወይም ብልጭታ የሚፈጥር ዕቃ ባለበት ቤት ውስጥ ነዳጅ የያዘ ማሽን አይቀመጥም፤ ለብቻው የቆመና አየር የሚያገኝ መጋዘን ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ በሩን ከፍተውም ቢሆን ሞተሩን ጋራዥ ውስጥ አያስነሱ፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚገድል ጋዝ ሲሆን ሽታም ቀለምም የለውም።

ጥያቄ፦ ለወራት ሲቆም የነዳጅ ጋኑን ልሙላው ወይስ ላራግፈው?

መልስ፦ ክርክር የማያጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ምክንያቱን እንይ። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ የቀረው ከአየር ጋር ተዋህዶ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይሆናል፤ በተለምዶ 30 ቀን ካለፈው ነዳጅ መጠንቀቅ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ዝቃጩ የሚጎዳው ከሁሉ አስቀድሞ ካርቡራተሩን፣ ማለትም ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ክፍል ነው፤ ነዳጅ የሚያልፍባት ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነች በትንሽ ሙጫ ትደፈናለች። ኢታኖል (አልኮል) የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ሲበዛ ውሃውና ኢታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ታች ይዘቅጣሉ።

ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ነዳጅ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ማቆያ ፈሳሽ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን አዲስ ቤንዚን ውስጥ ጨምሮ፣ የተዘጋጀው ነዳጅ እስከ ካርቡራተሩ እንዲደርስ ሞተሩን ውጭ ለ10 ደቂቃ ያህል ማሠራት፣ ከዚያም ጋኑን ለመስፋፊያ ጥቂት ቦታ ትቶ መሙላት ነው። ፈሳሹ ግን የተበላሸን ቤንዚን አያድስም። ሁለተኛው፣ ነዳጁን በቀዘቀዘ ሞተር፣ ውጭ፣ በእጅ ፓምፕ ወደ ተገቢ ዕቃ ካወጡ በኋላ የቀረው እስኪያልቅና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ማሠራት ነው። በአፍ መሳብ ፈጽሞ አይሞከርም። እኔ ማሽኑ መኖሪያ ቤት ውስጥ ወይም ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ የሚቀመጥ ከሆነ ያለማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የወጣውን ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ለነዳጅ በተሠራ፣ ክዳኑ በሚገጥም ጀሪካን ብቻ ይቀመጥ፤ ሲሞሉትም መሬት ላይ አስቀምጠው ይሁን።

ጥያቄ፦ ባትሪውን ሳልነቅል ብተወው ይሞታል?

መልስ፦ ሊሞት ይችላል። የሊድ አሲድ ባትሪ ሳይሠራም ቀስ በቀስ ኃይሉን ያጣል፤ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ሰሌዳዎቹ ላይ የሚጠነክር ጨው ይሠራባቸዋል፣ ያንን መመለስ ደግሞ ከባድ ነው። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ወደ 12.4 ሲወርድ ቻርጅ ያድርጉት። በብርዱ ጊዜ ባዶ ባትሪ ውስጡ በቀላሉ በረዶ ሆኖ ሲሰነጠቅ፣ ሙሉው ግን ኃይለኛ ብርድ ይችላል። ሲፈቱ መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ሲገጥሙ ደግሞ መጨረሻ ላይ እሱን ያድርጉ፤ አለዚያ ፖዘቲቩን የሚፈታው መፍቻ የማሽኑን ብረት ሲነካ ብልጭታ ይፈጠራል። ቻርጅ ሲደረግ ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ቦታው አየር የሚያገኝ ይሁን። ሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ ባትሪ ይገድላል የሚባለው ለዛሬዎቹ የፕላስቲክ አካል ላላቸው ባትሪዎች አይሠራም።

ጥያቄ፦ የሞተር ዘይት የሚቀየረው ከማቆም በፊት ነው ወይስ ሲነሣ?

መልስ፦ ከማቆም በፊት፤ ያገለገለ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድና እርጥበት ብረቱን ለወራት ሲበላ እንዳይቆይ። ለረጅም ጊዜ ከሆነ ካንዴላውን (ነዳጁን የሚያቀጣጥል ብልጭታ የሚሰጠውን) ፈተው አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ንጹሕ ዘይት በቀዳዳው ያፍስሱ፣ ሞተሩን ጥቂት ዙር በቀስታ ያዙሩና ካንዴላውን መልሰው ይግጠሙ።

ጥያቄ፦ ከምላጮቹ በላይ የተጋገረውን ሣር እንዴት ላውጣው?

መልስ፦ ማሽኑን አይገልብጡት፤ ዘይትና ነዳጅ ወደማይገባቸው ቦታ ይፈስሳሉ። አስቀድመው የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ፣ ጓንት ያድርጉ፣ በክሪክ ብቻ በተነሣ ማሽን ሥርም አይግቡ፤ ጠንካራ ድጋፍ ያስፈልጋል። ሣሩን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይፋቁት። ጥቁር አረንጓዴው ቅርፊት ሲነሣ ከሥሩ ቀለሙ የለቀቀና የዛገ ብረት ካዩ፣ እርጥበቱ የት ሲሠራ እንደከረመ ገባዎት ማለት ነው። በውሃ ካጠቡት ደግሞ ገመዱን መልሰው፣ ሰው በሌለበት ምላጮቹን ለጥቂት ደቂቃ በማሽከርከር ያድርቁት።

ጥያቄ፦ ውጭ በላስቲክ ሸፍኜ ባቆየውስ?

መልስ፦ ላስቲክ እርጥበት ያምቃል፤ አየር የሚያስተላልፍ ሸራ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከወራት በኋላ ላስነሣው ስል ምን ልይ?

መልስ፦ የአይጥ ጎጆ በማቀዝቀዣው ማራገቢያ ሽፋን ሥርና በአየር ማጣሪያው ውስጥ ይፈልጉ፤ ጎጆው አየር ስለሚዘጋ ሞተሩ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። የተበሉ የኤሌክትሪክ ገመዶችን፣ የዘይቱን ልክና የጎማዎቹን ነፋስ ይመልከቱ። ነዳጅ ትተውበት ከሆነ ትንሽ ቀድተው ውጭ በጠራ ብርጭቆ ይመልከቱት፤ ከሥሩ የተለየ ንጣፍ ከታየ ወይም እንደ ቫርኒሽ የሚከረፋ ከሆነ ሞተሩን ሳያስነሡ ያውጡት። ሞተሩ ተነሥቶ ቾኩ (ሲነሣ አየር የሚቀንሰው መዝጊያ) ሲከፈት ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ግን የካርቡራተሩ ቀዳዳ ተደፍኗል ብለው ይጠርጥሩ፤ ደጋግሞ ማስነሣት ባትሪውን ከማድከም በቀር ስለማይጠቅም ካርቡራተሩን አስፈትተው ያስጠርጉት።