መምህሩን ይጠይቁ፦ ሰላም ማውረድና ሰላም መገንባት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ የምማር የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። በፈተና ላይ ሰላም ማውረድና ሰላም መገንባት በምን እንደሚለያዩ ተጠይቄ «አንዱ በጦርነት ጊዜ፣ ሌላው ከጦርነት በኋላ» ብዬ ጻፍኩ። የተሰጠኝ ግማሽ ነጥብ ነው። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ልጄ፣ እኔ ብሆን ግማሹንም የምሰጥሽ እያመነታሁ ነበር! ቢሆንም ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ሳሉ በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጡት «አጀንዳ ለሰላም» የሰላም ግንባታን «ከግጭት በኋላ» ብለው አስቀምጠውታል።

ሰላም ማውረድ ተፋላሚዎችን አቀራርቦ ማስማማት ነው፤ በድርጅቱ ቻርተር ምዕራፍ 6 ድርድር፣ ሽምግልና፣ ግልግል እየተባለ የተዘረዘረው ይኸው ነው። ተደራዳሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሥራው በፊርማ ያበቃል። ሰላም መገንባት ግን ሰውን መልሶ ወደ ጠመንጃ የሚወስደውን ምክንያት መንቀል ነው፤ ትጥቅ ለፈታው ወጣት ሥራ፣ ለተፈናቀለው መሬት፣ ለተበደለው የሚታመን ፍርድ ቤት።

አንጎላንና ሞዛምቢክን አስተያዪ። የአንጎላ ተፋላሚዎች በ1991 ፖርቱጋል ውስጥ ቢሴስ ላይ ተፈራረሙ። በዓመቱ ሁለቱ ጦሮች ሳይበተኑ ምርጫ ተደረገ፤ የአማፂው የዩኒታ መሪ ሳቪምቢ ውጤቱን አልቀበልም አሉ፤ ጦርነቱ አገርሽቶ እስከ 2002 ዘለቀ። ሞዛምቢክ በ1992 ሮም ላይ፣ ሳንት ኤጂዲዮ በሚባለው የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር አደራዳሪነት ተፈራረመች። የአንጎላን ያዩት የድርጅቱ ሰዎች ተዋጊዎቹ እስኪበተኑ ብለው ምርጫውን ወደ 1994 ገፉት። የፈንጂው ጽዳት ብቻ እስከ 2015 ፈጀ። የያኔው አማፂ ቡድን ሬናሞ በ2013 እንደገና ጫካ መግባቱም አይዘንጋሽ።

እንግዲህ የጎደለሽ ይህ ነው፦ ግንባታው ገና በድርድሩ ላይ ይጀምራል። የማውቃቸው አንድ አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ አስቀድመው የሚጠይቁት ወፍጮ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ነው። የገዳይ ወገን እህሉን ለማስፈጨት በሟች ደጅ የሚያልፍ ከሆነ፣ መንገዱ ሳይወሰን ለዱዓ እጃቸውን አያነሡም። ይህን የሚጠይቅ ዲፕሎማት ምነው በበዛ!

ሰማያዊ ቆብ ያጠለቁትን ሰላም አስከባሪዎች ከሁለቱም እንዳታደባልቂ፤ እነሱ ተኩሱ እንደቆመ እንዲቆይ የሚጠብቁ ናቸው። ለማጠቃለያው ፈተና ደግሞ በ2005 የተቋቋመውን የሰላም ግንባታ ኮሚሽን አንብቢ፤ መጀመሪያ የያዘው የቡሩንዲንና የሴራሊዮንን ጉዳይ ነው።